ግዝት የነበረበት ሮኬት

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። የእናቴ ወገን ሁሉ እንዲሁ ስለሆነ በመንደራችን ይህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። አስቀድሜ የምነግራችሁ ምስክር እንድትሆኑልኝ ነው፤ ከዚህ በታች በማወራችሁ ሦስት ቀን ውስጥ በአንድም ሰው ላይ እጄን አላነሣሁም። ዘጠኝ ዓመት አልፎት እንኳ ሳስበው ይገርመኛል።

ስሜ አዝመራ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጉና ግርጌ ባለች ትንሽ መንደር ነው። ገብስና ድንች ነው የሚበቅልልን፤ ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ልጄን ማስተዋልን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ወለድሁ። አባቷ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ መተማ ወረደና በዚያው ቀረ። ልጅቱ ሁለት ዓመት ሲሞላት እኔም ጂዳ ሄድሁ፤ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠራሁ።

ልጄን አደራ የተቀበለችኝ ሙሉ ናት። ሙሉ ጎረቤቴ ናት፣ አብሮ አደጌ ናት። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልሰጣትም። ማስተዋልን ክርስትና ያነሣችው እሷ ስለሆነች አበልጄ ናት። በእኛ አገር አበልጅ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ከገዛ ወንድሙ ጋር ሊካሰስ ይችላል፤ ከአበልጁ ጋር ግን አይካሰስም። እኔ በሌለሁበት ሙሉ "አዝመራ እንዲህ ብላለች" ካለች፣ በቃ ብያለሁ ማለት ነው። መለስ ብሎ የሚያጣራ የለም።

ከጂዳ ስመለስ ማስተዋል የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ጠበቀችኝ። ልስማት ስል ሙሉ ጀርባ ተደበቀች። "እማ" የምትለው ሙሉን ነው፤ የምትበላው የምትተኛው ከሙሉ ጋር ነው። ባመጣሁላት ልብስ ላይ እንኳ "ልልበሰው?" ብላ የምትጠይቀው ሙሉን ነበር። አንድ ቀን በአጥር ሥር ሳልፍ "ይህች ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው?" ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። ሙሉ ምን እንደመለሰችላት አልሰማሁም፤ ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። ደግሞ በማን እቆጣለሁ? ሙሉ ያደረገችው እኔ የለመንኋትን ነው።

ከመንደራችን በላይ፣ መንገዱ በሚጠማዘዝበት ላይ አንድ ቦቴ ወድቆ ነበር። ደርግ ሊወድቅ አካባቢ፣ በዚያ ጦርነት፣ ነዳጅ እንደጫነ ተመትቶ የተቃጠለ ነው ይላሉ። እኔ ራሴን ሳውቅ ጀምሮ እዚያው ነው። የሚፈታው ሁሉ ተፈትቶ ሄዶ የቀረው ጋቢናውና ያ ረጅም ክብ ታንከሩ ብቻ ነበር። ዝናብ ሲመጣ በግ ይጠለልበታል፤ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ሰው የተቃጠለበት ነው እያሉ በአጠገቡ ሲያልፉ ያማትባሉ።

በሰኔ አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ስንመለስ እኔንና ማስተዋልን በረዶ መታን። እጇን ይዤ ታንከሩ ውስጥ ገባን። ውስጡ ጨለማ ነው። በረዶው ሲያባራ ፀሐይ ብቅ አለች፤ በጥይት በተበሳው በኩል ብርሃን ነጠብጣብ እያለ ገባ። ልጅቱ ቀና ብላ አይታ፣ "ኮከብ ይመስላል" አለች። ይህን ያለችው ለራሷ ይሁን ለእኔ እንጃ። እኔ ግን ለእኔ ነው ብዬ ወሰድሁት።

"ጂዳ ሳለሁ የምተኛው የእመቤቴ ልጅ ክፍል ወለል ላይ ነበር" አልኋት። "ጣሪያው ላይ የፕላስቲክ ኮከብ ተለጥፎበታል። መብራት ሲጠፋ ያበራል። እሱን እያየሁ አንቺን አስብ ነበር።"

"ስንት ኮከብ ነው?"

"ቆጥሬ አልጨረስሁትም፤ ቶሎ እንቅልፍ ይወስደኛል።"

"ለእኔም ትሠሪልኛለሽ?"

ከመጣሁ ጀምሮ ልጄ አንድ ነገር ስትለምነኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጨረቃን አውርጂልኝ ብትለኝም እሺ እል ነበር።

ደብረ ታቦር ሄጄ ያን ቦቴ ሮኬት አድርግልኝ ብዬ በያጅ አነጋገርሁ። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ቦቴውን ሊያይ ሲመጣ ግን ሳቁን ተወና ዙሪያውን በእርምጃ ይለካ ጀመር። "ቆሞ ነው ሮኬት የሚሆነው፤ ተኝቶማ ያው ቦቴ ነው" አለኝ። ማን ያቁመው? ጅጌ ጠራሁ። ሰው ለአጨዳ፣ ለጎጆ ሥራ ተጠራርቶ እንደሚወጣው ማለት ነው፤ ለሮኬት ጅጌ የጠራች ሴት ከእኔ በፊት ያለች አይመስለኝም። ጠላውን የጠመቀችልኝ ሙሉ ናት። ወንዱ ሁሉ ገመድና አጠና ይዞ መጣ፤ በሬውን ጠምዶ የመጣም ነበር። እየተቀባበሉ እየዘፈኑ ሳቡት። ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ በአራተኛው ቆመ። ግርጌውን በድንጋይ ገነቡልኝ።

በያጁ ከበርሜል ሾጣጣ ቆብ፣ ከጋቢናው በር ደግሞ ክንፍ አበጀለት፤ ከግርጌው በኩልም መግቢያ በር አወጣለት። ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። ቀለበት ያላትን ፕላኔት ስስል አያ ካሴ የሚባሉ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ፣ ሰፌድ ላይ ያለ ድንች ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "አዎ አያ ካሴ፣ ሰማይ ላይ የሚበቅል ነው" አልኋቸው። ጠፈርተኛውን ጋቢ አለበስሁት፤ ጉና ላይ ያለ ጋቢ የሚያድር የለማ። በጎኑ ላይ "ጉና ፩" ብዬ ጻፍሁበት።

ዋናው ነገር ግን ውስጡ ነበር። እኔና ማስተዋል በጠመኔ ምልክት ባደረግንበት ሁሉ በያጁ በጋዝ እየበሳ ቀዳዳ አወጣልን። ሰባቱ ከዋክብት የት እንደሚሆኑ የመረጠች እሷ ናት። በሩን ዘግታችሁ ውስጥ ስትቆሙ በቀትር ፀሐይ ከጫማችሁ እስከ አናታችሁ ኮከብ ነው። ሚኒባሶች ይቆሙ ጀመር፤ ከደብረ ታቦር ተማሪ ይመጣል። ማስተዋል በሩ ላይ ቆማ "ጫማችሁን አራግፉ፣ ኮከብ አትንኩ" እያለች ታዝዛለች። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ እኔ ቤት መጣችና መደቤ ላይ ተኛች። በማግሥቱ ጠዋት "እማ፣ ውኃው ሞቋል" አለችኝ። ውኃውን ከእሳቱ ላይ ማውረዱን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

በዚያ ደስታ መካከል የሙሉን ፊት አላየሁም። እውነቱን ልናገር፣ ለማየትም አልፈለግሁም።

ጥቂት ቆይቶ ብረት ለቃሚዎች መጥተው አንዱን ክንፍ ገንጥለው ወሰዱ። ከሙሉ ጋር ሆነን የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድን። የነፍስ አባቴ መምሬ አለነ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ሳቅ ሳቅ አላቸው፤ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን አንሥተው በሕዝብ ፊት ገዘቱልኝ። "ከዚህ ብረት የቆረጠ ያስቆረጠ፣ የወሰደ ያስወሰደ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘተ ይሁን።" ከዚያ በኋላ በሩ ላይ የነበረውን ቁልፍ አውልቄ ጣልሁት። ግዝት ካለ ቁልፍ ምን ያደርጋል? በእኛ አገር የተገዘተ ማሳ ውስጥ እሸት ቢረግፍ የሚያነሣ የለም። መንገድ ሠሪዎች መጥተው ጠምዛዛውን ልናሰፋው ነው ሲሉ እንኳ ሽማግሌዎቹ "ግዝት አለበት፣ አይነካም" ብለው መለሷቸው። እኔ እንቅልፌን ለጥጬ አደርሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

በጥቅምት አንድ ዓርብ ሙሉ አንድ ጀሪካን ጠበል ይዛ ቤቴ መጣች። "ከጣራ ገዳም አስመጥቼው ነው" አለችኝ። "ሐሙሲት ያለችው እህቴ ክፉኛ ታማለች አሉኝ፣ አበልጄ። እኔ እንዳልሄድ ላሜ ዛሬ ነገ ልትወልድ ነው። አንቺ አድርሺልኝ።"

"ማስተዋልስ?"

"እኔ ጋ ታድራለች። ደግሞ ለማስተዋል ታስቢያለሽ?"

ቅዳሜ ጠዋት ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ወረታ፣ ከዚያ ሐሙሲት፤ መኪና እየቀያየርሁ ከቀትር በኋላ ደረስሁ። መንገዱን ሁሉ ሞታ እንዳልደርስባት ስጸልይ ነበር። ግቢው ስገባ የሙሉ እህት ወገቧን በመቀነት አሥራ በርበሬ ታሰጣለች።

"አዝመራ ነሽ? ምን እግር ጣለሽ?" አለችኝ።

"አንቺ፣ ታመሻል ተብዬ አይደል እንዴ የመጣሁት?"

"ማን ነው የታመመው?"

ጀሪካኑን አስቀመጥሁት። "ሙሉ ናት የላከችኝ። ጠበል አድርሺላት፣ ክፉኛ ታማለች ብላኝ ነው።"

"በሞቴ፣ ሐሙስ ዕለት በስልክ አውርተናል። ደህና ነኝ ብያታለሁ።"

ስልክ ደወልን፤ የሙሉ ስልክ ዝግ ነው። መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ልጄ ናት። አንድ ነገር ሆናብኝ አርቀው ልከውኝ ይሆናል አልሁ፤ መርዶ ሲሆን እንዲህ ያደርጋሉና። ልመለስ ስል የመጨረሻው መኪና ሄዷል። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

እሑድ በጠዋት ተነሣሁ። በሰንበት መኪና አይገኝም፤ ወረታ ላይ ብቻዬን ግማሽ ቀን ቆምሁ። ከደብረ ታቦር በኋላ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ለመንሁ። ሾፌሩ "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ቶሎ ቶሎ የምትይ?" ሲለኝ "ልጄ" ብቻ ነው ያልሁት። ጠምዛዛው ጋ ስንደርስ ሮኬቱ ቆሟል፤ ከሥሩ ማስተዋል ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ደህና ናት። ወርጄ አቅፌ ሳምኋት፤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። በዚያች ሰዓት ሙሉን ልጠይቃት የነበረውን ሁሉ ረሳሁት። ተሳስታ ይሆናል፣ ከሌላ ሰው ሰምታ ይሆናል አልሁ። አበልጄ አይደለች?

"እማ፣ እንግባ" አለችኝ ማስተዋል።

"ደክሞኛል፤ ነገ እንገባለን።"

"አሁን እንግባ።"

ገባን። ፀሐይ ወደ ደንቢያ በኩል አዘንብላ ስለነበር ብርሃኑ በምዕራብ በኩል ባሉት ቀዳዳዎች ብቻ ነው የሚገባው። ልጅቱ ከግርጌ ጀምራ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ትቆጥር ጀመር። ራሷ "ኮከብ አትንኩ" የምትለዋ ልጅ። ሲሳሳትባት እንደገና ትጀምራለች። ብርዱ ሲበረታ "እንውጣ" አልኋት፤ "ትንሽ" አለች። ደግሜ ስጠራት እያለቀሰች ነው። ምን ሆንሽ ብላት ሆዴን አመመኝ አለች። አዝዬ ወሰድኋት።

መንገድ ላይ ሰው አገኘን። እንደወትሮው ቆሞ ስለ ሐሙሲት ገበያ፣ ስለ በርበሬ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ "እንደምን ዋልሽ" ብለው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። አያ ካሴ ብቻ ቆም ብለው "አይዞሽ ልጄ፣ ብረት ነው" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። እርጅና ነው ብዬ አለፍሁ። ሙሉ ቤት በሩ ዝግ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ድንች እየላጥሁ ሳለ ብረት በብረት ሲመታ ሰማሁ። ቢላውን እንደያዝሁ ሮጥሁ፤ መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ ጣልሁት። ስደርስ ቆቡ መሬት ላይ ነው። ሁለት ሠራተኞች በጋዝ መቁረጫ ጎኑን ይዘውታል፤ ጋቢ የለበሰው ጠፈርተኛዬ ከወገቡ ተቆርጧል። የመንደሩ ሰው ዳር ዳሩን ቆሞ ያያል።

"ግዝት አለበት!" ብዬ ጮህሁ። "እጃችሁን አንሡ፣ ግዝት አለበት!"

ሠራተኞቹ ደንግጠው እሳቱን አጠፉ። ሰዉን አየሁት፤ ሰዉ መሬት መሬት ያያል። አንድ እንኳ "እውነቷን ነው" የሚለኝ ጠፋ። አያ ካሴ ናቸው ቀረብ ብለው ክንዴን የያዙኝ።

"ተፈትቷል እኮ ልጄ" አሉኝ።

"ማን ፈታው?"

"መምሬ ናቸዋ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁላችንም ባለንበት።"

"እኔ ሳልኖር?"

"አንቺ ነሽ ያስፈታሽው ተብለን ነው እንጂ። በገዛ አፏ አስገዝታ በገዛ አፏ ማስፈታት አሳፍሯት ሐሙሲት ሄዳለች፣ ስትመጣም አታንሡባት ተባልን። ዝም ያልንሽ ለክብርሽ ብለን ነው።"

የሠራተኞቹ አለቃ አቧራ የጠጣ ኮፍያውን አውልቆ መጣ። "እህቴ፣ እኛ የፈለግነው ቦታውን ነው" አለኝ። "ክሬን እስኪመጣ ጠብቀን እንዳለ አንሥተን ትምህርት ቤቱ ግቢ ልናቆመው ተነጋግረን ነበር። ባለቤቷ አልፈልገውም፣ ቆርጣችሁ አንሡልኝ ብላለች ሲሉን ነው።"

"ማን ነው ያለህ?"

መልሱን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። አገጩን ወደ ሙሉ ቤት ቀና አደረገ።

መምሬ አለነን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽዱ ሥር አገኘኋቸው። መስቀል ሳልሳለም ነው የጠየቅኋቸው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

"አባቴ፣ አንቱ ነዎት የፈቱት?"

"እኔ ነኝ ልጄ። አልፈለግሽም?"

"ማን ፈልጋለች አለዎት?"

ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ምርኩዛቸውን ጥለው ቁጭ አሉ። "ዓርብ ለት መጣች። አዝመራ ፈቅዳለች፣ መንገዱ ሲሰፋ ለሁሉም ይበጃል ብላለች አለችኝ። አበልጅሽ ናት። የአበልጅን ቃል በምን ልመዝነው? እኔንም አታለለችኝ።"

"መልሰው ይግዘቱታ።"

"የቀረ ነገር አለ?"

የለም አልኋቸው። ምርኩዛቸውን አነሡና "ከፈለግሽ እሷን እገዝታታለሁ" አሉኝ። "በሐሰት አስፈትታኛለችና ይገባታል። ቤቷን የሚረግጥ፣ እህል ውኃዋን የሚቀምስ አይኖርም።"

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግዝቱ ከተጣለ ማስተዋልም የሙሉን ደጃፍ አትረግጥም። ያ ሁሉ ስድስት ዓመት በአንድ መስቀል ምልክት ይቆረጣል፤ ልጄም ጠቅልላ የእኔ ትሆናለች። ይህ ሁሉ በልቤ አለፈ። "እስቲ መጀመሪያ ላነጋግራት" ብዬ ወጣሁ።

ሙሉ ጓሮዋ ውስጥ ላሟን ድርቆሽ ታበላለች። ላሟ አልወለደችም፤ ለመውለድ ገና ወር ይቀራታል። አጠገቧ ዱላ ተደግፎ ነበር፤ አየሁት፣ እሷም ሳየው አየችኝ።

"ተቀመጪ" አለችኝ።

"አልቀመጥም። ለምን?"

አልካደችም። ብትክድልኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። "ስትሄጂ ልጅቱ ገና ጡት አልተወችም ነበር" አለችኝ። "ጡት የሌለኝ ሴት ነኝ በሌሊት ያባበልኋት። ኩፍኝ ሲወጣባት ዘጠኝ ቀን ከጀርባዬ አላወረድኋትም። አንቺ ብረት ውስጥ አስገብተሽ ኮከብ አሳየሻትና በአንድ ክረምት ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። ዞራ እንኳ አላየችኝም፣ አዝመራ።"

"ብረቱስ ምን አደረገሽ?"

"ብረቱ ከሌለ ትመለሳለች ብዬ ነው።"

"ብትነግሪኝ ምን ነበር?"

"ምን ብዬ? ልጅሽን ስጪኝ ልበልሽ?"

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እኔን የጣለኝ ፈረስ ደግሞ እያለቀሰ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን የምሰድባት ስድብ ሞልቶኝ ነበር፤ በዚያ ቀን አንዱም አልመጣልኝም። ትቻት ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ማስተዋል ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። እሑድ ማታ የቆጠረችው፣ ያለቀሰችው፣ "አሁን እንግባ" ያለችው ሁሉ ያኔ ተሰበሰበልኝ።

"ትናንት ቤተ ክርስቲያን ነበርሽ?" አልኋት።

አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

"መምሬ ሲፈቱት ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ? ሮጬ ላስቆመው እችል ነበር እኮ።"

"እማ ሙሉ አትንገሪያት አለችኝ።"

"እኔ እናትሽ ነኝ። ከእኔ ምን ይደበቃል?"

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ የሚያውቁትን ነገር እንደሚናገሩ ነው የተናገረችው። "አንቺም ዐረብ አገር ስትሄጂ አልነገርሽኝም" አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ የሄድሁት ገና ሊነጋጋ ሲል ነው። "ስታይሽ ታለቅሳለች፣ ተኝታ እያለች ሂጂ" ብለው የመከሩኝ ሁሉም ናቸው። መንደሩ በሙሉ እስከ መንገዱ ሸኝቶኛል፤ መምሬ ባርከውኛል፤ አያ ካሴ ቆሎ ቋጥረውልኛል። ሁሉም ያውቅ ነበር። ያልተነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷም ሙሉ አልጋ ላይ ተኝታለች። ስትነቃ ምን እንዳለች በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ደውዬ አልጠየቅሁም። የተከዳሁት እኔ ነኝ ብዬ እያለቀስሁ ሳለሁ ነው ይህን የሰማሁት።

መምሬ ሙሉን እንዳይገዝቱ ነገርኋቸው። ለሙሉ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ ልጅቱን ሁለተኛ ከእናት ልለያት አቅም አጣሁ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሙሉ በእሑድ፣ በዚያው ደጀ ሰላም፣ "አዝመራ አልፈቀደችም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት" ብላ በሕዝብ ፊት ተናገረች። እኔም ይቅር ብያለሁ አልሁ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን። ያልሁት ግን ውሸት ነው። ዛሬም ድረስ ሙሉ "አበልጄ" ስትለኝ መልሼ አበልጄ ማለት ያቅተኛል። እኩል እናለቅሳለን፣ ቀብር አብረን እንውላለን፤ አምናት እንደሆነ ግን አላምናትም። መታረቅና ማመን ሁለት ነገር መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። እናንተም ታርቃችሁ ማመን ቢያቅታችሁ ክፉ ሰው ነኝ ብላችሁ አትዘኑ።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤት እንኳ ስሄድ ሳልናገር አልወጣም። ማስተዋል አድጋ፣ ደብረ ታቦር ተምራ፣ አሁን "እሺ እማ፣ ሰማሁ፣ ሂጂ እንግዲህ" እያለች ትስቅብኛለች። ይሳቅብኝ ግድ የለም።

ስለ ብረቱ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ እንደገና ሥሪው የሚለኝም አለ። አልሠራሁም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መኪናው ሳይቆም ያልፋል። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ብቀር ታሪኩ ለእኔ ያደላል።

ሽማግሌ በተቀመጠ በሳምንቱ፣ ወደ ማታ ላይ፣ ማስተዋልን አጠገቤ አስቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ በአገራችን አልለመድንም፤ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ተንተባተብሁ። "ሳልነግርሽ በመሄዴ ነው" አልኋት። "ማንም ቢመክረኝ መቀስቀስ ነበረብኝ። አልቅሰሽም ቢሆን አይተሽኝ መሄድ ነበረብኝ። ይቅር በይኝ።"

የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። ታቅፈኝ ይሆናል፣ ታለቅስ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

"እሺ" አለችኝ። ተነሥታ ነጠላዋን አነሣችና፣ "እማ፣ ነግሬሻለሁ፤ ራት እማ ሙሉ ጋ ነው የምበላው" ብላ ወጣች።